ምልክት ያስታውሳል፣ ጉባኤ ያርማል፦ የቤተ ልሔም የድጓ ምስክር እና የዜማ ዕውቀት አጠባበቅ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት እያንዳንዱ የዜማ ዘርፍ የሚመሰከርበት የራሱ ቦታ አለው። ቅዳሴ በሰለልኩላና በደብረ ዓባይ፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር በአታ ይመሰከራል፤ ድጓ ደግሞ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት ምድር በምትገኘው ቤተ ልሔም። ተማሪው ትምህርቱን ከየትኛውም ደብር ሊጀምር፣ ከየትኛውም መምህር እግር ሥር ሊቀመጥ ይችላል። ሆኖም የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከር ለዘመናት የተለመደው መንገድ ነው።

ይህ ልማድ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ድጓ በቃል ብቻ የሚተላለፍ ዕውቀት አይደለም። ከ400 ዓመት በላይ በዜማ ምልክት ሲጻፍ ኖሯል፤ በማተሚያ ቤት ታትሟል፤ ዛሬም በእጅ ስልክ ይቀዳል። መጽሐፉ በእጁ ያለ፣ ምልክቱን አሳምሮ የሚያነብ፣ ምናልባትም ራሱ ደቀ መዛሙርት ያፈራ ሰው ስለምን ስንቁን ቋጥሮ እንደገና ተማሪ ሊሆን ይሄዳል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ለማዕረግ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም በቂ አይደለም። ቤተ ልሔም ዜማ የሚከማችባት ቤት ከመሆኗ ይልቅ ዜማ የሚታረምባት ቤት ናት። የማከማቸቱን ሥራ ብራናም ወረቀትም መቅረጸ ድምፅም ሊሠሩት ይችላሉ። ለማረም ግን ሰምቶ የሚመልስ ጉባኤ ያስፈልጋል። የዜማ ቅርስን በመሰነድ ሥራ ላይ የተሰማሩ ተቋማትና ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት ካላስተዋሉ፣ ድምፁ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ዕውቀቱ ከሕያዋን ሰዎች ዘንድ ሊጠፋ ይችላል።

ሕንፃውና ጎጆው

የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩት በአካባቢው እንደሚታወቁት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ነው። በክቡ ቤት ውስጥ ግን ከእርሱ የሚቀድም፣ አራት ማዕዘን የሆነ፣ የአክሱምን የአሠራር ስልት የሚያስታውስ ጥንታዊ ሕንፃ ይገኛል። ጸሐፊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1955 ቦታውን ጎብኝቶ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ካስተዋወቀው ወዲህ፣ ቤተ ልሔም በኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጥናት ውስጥ ቦታ አግኝታለች። ለሥነ ሕንፃ አጥኚው ቤተ ልሔም ማለት ያ የተሸሸገ ግድግዳ ነው። ለድጓ ተማሪው ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ያለው የሣር ጎጆ፣ የመምህሩ ወንበርና የጉባኤው ድምፅ ነው። ሁለቱ ጥናቶች፣ የድንጋዩና የድምፁ፣ እርስ በርሳቸው ሲጠቃቀሱ እምብዛም አይታይም። ይህ የሚያስቆጭ ነው። አንድ ቦታ ጥንታዊ ሕንፃን ሳያፈርስ በአዲስ ሕንፃ ውስጥ ይዞ የቆየበት ጥንቃቄና ጥንታዊ ዜማን በየትውልዱ ድምፅ ውስጥ ይዞ የቆየበት ጥንቃቄ አብረው ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው።

ድጓ ምን ይዟል?

ትውፊቱ የድጓን ድርሰት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ለነበረው ለአክሱማዊው ቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የያሬድ አምስቱ መጻሕፍት ተብለው ይታወቃሉ። ምዕራፍ የዘወትሩን አገልግሎት ሲይዝ፣ ድጓ እንደየበዓሉና እንደየወቅቱ የሚለዋወጠውን ይይዛል። አከፋፈሉም የዓመቱን ዑደት ተከትሎ ዘዮሐንስ፣ ዘአስተምህሮ እና ዘፋሲካ ይባላል፤ የዐቢይ ጾሙ ክፍል ጾመ ድጓ ራሱን ችሎ ይቆማል። በውስጡ ዋዜማው፣ መዝሙሩ፣ እስመ ለዓለሙ፣ አርያሙ፣ ሰላሙ፣ ሌላውም እያንዳንዱ የራሱ ሥርዓትና ሥፍራ አለው። ሁሉም በሦስቱ ዜማዎች፣ ማለትም በግእዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ይዜማል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊው «ቤት» የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ነው። በድጓ ውስጥ ያሉት በሺህ የሚቆጠሩ ቃለ እግዚአብሔሮች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የተፈጠረ ዜማ የላቸውም። የአንዱ ዜማ ለብዙ ሌሎች መለኪያ ይሆናል፤ ያም መለኪያ የእነዚያ ሁሉ ቤት ነው። ተማሪው አስቀድሞ መስተጋብዕን፣ አርባዕትን፣ ሠለስትንና አርያምን በቃሉ የሚያጠናበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። እነዚህን በጆሮውና በጉሮሮው ያሰረጸ ተማሪ፣ በኋላ የሚያገኘውን አዲስ ንባብ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል። ያላሰረጸው ደግሞ ምልክቱን ፊደል በፊደል ቢያውቀውም ዜማው አይወጣለትም።

ምልክቱ የሚለውና የማይለው

የዜማ ምልክቶች አመጣጥ በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) ከነበሩት ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ስም ጋር ይያያዛል። የብራናዎቹ ምስክርነትም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት የተጻፉት የድጓ ዓይነት መጻሕፍት ንባቡን እንጂ ምልክቱን አልያዙም። የዘመኑ አጋጣሚ ሊታለፍ አይገባም። ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. በቆየው የግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጥለዋል፤ ብዙ ሊቃውንትም አልቀዋል። ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄደው ሰንሰለት በየቦታው በተበጠሰበት ማግስት ምልክት መገኘቱ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስልም። ይህ ትርጓሜ ከሆነ ምልክቱ የተወለደው ጉባኤ ሲሳሳ፣ የቀሩት ጥቂቶች የያዙት እንዳይጠፋ ነው ማለት ይቻላል።

መሠረታውያኑ ምልክቶች ስምንት ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት እና ቁርጥ። ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ። ስማቸው ራሱ ግብራቸውን ይናገራል። ደረት ድምፅ ወደ ደረት ወርዶ ወፍሮ የሚባልበት ነው፤ ርክርክ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል፤ ቁርጥ ይቆርጣል፤ ሂደት ሳይቋረጥ ይጓዛል። ሊቃውንቱ ምልክቶቹን ከክርስቶስ ሕማማት ጋር እያመሳሰሉ ይተረጕሟቸዋል፤ ይህ ትርጓሜ ከምሥጢራዊ ፋይዳው ባሻገር ለተማሪ የማስታወሻ መንጠቆ ሆኖ ማገልገሉ ግልጽ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ። እነዚህ በንባቡ መስመር በላይ በደቃቁ የሚጻፉ፣ ከታወቀ ቃለ እግዚአብሔር ተቆርጠው የተወሰዱ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ናቸው። የፊደሎቹ ሥራ «ይህን ቃል እዚያ፣ ያን ቃል እንደምትለው አድርገህ በል» ብሎ ማመልከት ነው። ስለዚህ አንድን የፊደል ምልክት ለማንበብ ምልክቱ የተቀዳበትን ቃለ እግዚአብሔር ዜማ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ለማያውቅ ሰው ፊደሎቹ ፊደል ብቻ ናቸው። ለሚያውቅ ግን እያንዳንዱ ምልክት የድጓውን አንዱን ጠርዝ ከሌላው ጠርዝ ጋር ያስተሳስራል፤ መጽሐፉ በራሱ ላይ ተጣቅሶ የተጻፈ ነውና።

ከሌሎች አገሮች የዜማ ጽሕፈት ጋር ማነጻጸር ነጥቡን ያጎላዋል። በምዕራብ አውሮፓ ከ9ኛውና ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገኙት መስመር የሌላቸው የዜማ ምልክቶችም እንደ ድጓው ሁሉ የሚያስታውሱ እንጂ የሚነግሩ አልነበሩም። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዘአሬዞ ምልክቶቹን በመስመር ላይ ሲያሰፍር ዓላማው ሌላ ነበር፤ ተማሪ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከጽሑፍ ብቻ አንሥቶ እንዲዘምር ማስቻል። ይህ የመምህሩን ድካም እጅግ አቃልሏል። በጎንዮሽ ግን የዜማን ባለቤትነት ከጉባኤ ወደ ወረቀት አሸጋግሯል። የድጓ ምልክት ያን መንገድ አልተከተለም። አንዳንድ ጸሐፍት ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ሲቆጥሩት ይታያል፤ ነገር ግን አንድን መሣሪያ ባልተሠራለት ተግባር መመዘን ሚዛናዊ አይደለም። ምልክቱ የተሠራው ለባዕድ አንባቢ ሳይሆን ለጉባኤው አባል ነው።

ይህን የሚያጠናክር ጥናትም አለ። ኬይ ሸለመይ፣ ፒተር ጄፍሪና ኢንግሪድ ሞንሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት በልዩ ልዩ ዘመናት የተጻፉ ብራናዎችን ከዘመናችን የአዘማመር ልማድ ጋር አነጻጽረዋል። ከእነርሱ በፊት በርናር ቬላ በ1960ዎቹ በምዕራፍና በጾመ ድጓ ላይ ባሳተማቸው ሥራዎች የምልክቶቹን ዝርዝር ለውጭ አንባቢ አቅርቦ ነበር። የእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ንባብ ወደ አንድ ነገር ያደርሳል፤ በኢትዮጵያ ዜማ ጽሑፉና ቃሉ ተቀናቃኞች አልነበሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ኖሯል።

የጉባኤው ሥራ

ፊደልና ንባብ ጨርሶ፣ ዳዊት ደግሞ ወደ ዜማ ቤት የሚገባው ልጅ ከወላጆቹ ቤት ርቆ ይሄዳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ ዘንጉን ይዞ ከየመንደሩ በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ምግቡን ይለምናል። ቀፈፋ በብዙ ጽሑፎች እንደ ትሕትና ልምምድ ተገልጿል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የኢኮኖሚ ሥርዓትም ነው። የጋይንት ገበሬ ከገበታው ቆርሶ በሚሰጠው እንጀራና ቆሎ የአገሪቱን የድጓ መምህራን ያስተምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ወጪ በየትኛውም የትምህርት በጀት ውስጥ ተመዝግቦ አያውቅም።

በጉባኤው ውስጥ መምህሩ «የኔታ» ነው። ይሁንና የሚያስተምረው እርሱ ብቻ አይደለም። ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የገባውን ያስጠናል፤ ምዕራፍ የያዘው ጾመ ድጓ የጀመረውን ይሰማል። የቃል ትምህርቱ በማታና በሌሊት ያለ መጽሐፍ ይካሄዳል፤ ቀን ደግሞ በመጽሐፉ ላይ ይሠራል። አሠራሩ አንድ ውጤት አለው፤ የእያንዳንዱ ተማሪ ስሕተት በሁሉም ጆሮ ይደርሳል። መምህሩ አንዱን «መልስ» ሲለው በዙሪያው የተቀመጡት ሁሉ የተመለሰውንም የታረመውንም ይሰማሉ። ስለዚህ የጉባኤ ተማሪ ትክክለኛውን ዜማ ብቻ ሳይሆን ዜማው የሚሳሳትባቸውን መንገዶች ጭምር ይማራል። የትኛው ርክርክ ከየትኛው ጋር እንደሚምታታ፣ አዲስ ተማሪ የትኛው ድፋት ላይ ቸኩሎ እንደሚያልፍ፣ ተመሳሳይ አጀማመር ያላቸው ሁለት ቃለ እግዚአብሔሮች የት ላይ እንደሚለያዩ ያውቃል። ነገ መምህር ሲሆን የሚያስፈልገው ይህ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ግን አይገኝም፤ መጽሐፍ ስሕተትን አይጽፍምና።

ተማሪው በትምህርቱ ሂደት የራሱን ድጓ ይጽፋል። ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ቀርጾ ከመምህሩ ወይም ከታወቀ ቅጂ ላይ ይገለብጣል፤ ንባቡን አስቀድሞ፣ ምልክቱን አስከትሎ ያሰፍራል። ድጓ ትልቅ መጽሐፍ ነውና ይህ ብቻውን የረጅም ጊዜ ሥራ ነው። መገልበጡ መጽሐፍ ለማግኘት ብቻ አይደለም። ምልክቱን በእጁ እያሰፈረ በአፉ የሚል ተማሪ ዓይኑ፣ እጁና ጉሮሮው አብረው ይማራሉ።

በመጨረሻም ምስክሩ ይመጣል። ተመስካሪው ሌላ ቦታ የተማረውን ድጓ ይዞ በቤተ ልሔም መምህር ፊት ይቀርባል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየዘለቀ ይላል፣ መምህሩም ይሰማል። እርማቱ ሦስት ነገሮችን ይነካል። አንደኛው ንባቡ ነው፤ በግልበጣ የወደቀ ቃል ወይም የተለወጠ ፊደል ይቃናል። ሁለተኛው ምልክቱ ነው፤ ያለቦታው የሰፈረው ተፍቆ በቦታው ይጻፋል። ሦስተኛውና አስቸጋሪው አባባሉ ነው። ምልክቱ በትክክል ተጽፎ፣ ተመስካሪው በሌላ ለዛ ሊለው ይችላል፤ ይህን የሚይዘው የመምህሩ ጆሮ ብቻ ነው። የምስክሩ ፍሬ ስለዚህ ሁለት ነው። አንድ የታረመ ሰው፣ አንድም የታረመ መጽሐፍ ከቤተ ልሔም ይወጣሉ። ሰውየው ወደ ሸዋ፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ ወይም ወደ ትግራይ ሲመለስ መጽሐፉ ለቀጣዮቹ ተማሪዎች የግልበጣ ምንጭ ይሆናል።

እዚህ ላይ የጎልማሳው ተማሪ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል። ለምስክር ከሚመጡት መካከል በየአገራቸው መሪጌታ ተብለው ያገለገሉ ይገኙባቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው በቤተ ልሔም ከልጆች ጋር ተቀምጦ «መልስ» ይባላል። በሌሎች ሙያዎች ዕውቀት የተመሰከረለት ሰው ከዚያ በኋላ የሚፈተንበት መንገድ እምብዛም የለም። የዜማው ሥርዓት ግን በሙያው መካከል፣ ሰውየው የለመደውን ልማድ እንደ ትክክል መቁጠር በጀመረበት ዕድሜ፣ እንደገና እንዲሰማ ያደርገዋል። የያሬድ ታሪክ ራሱ ከዚህ ጋር ይስማማል። ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ የሄደው፣ ትልን ዛፍ ላይ ስትወጣና ስትወድቅ አይቶ የተመለሰው ልጅ ታሪክ ስለ መጽናት ይነገራል፤ ነገር ግን ስለ መመለስም ጭምር ነው።

የእርማቱ ዋጋ ከድጓ ያልፋል። በአቋቋም ቤት የሚሠራው ዝማሜ፣ መረግድና ጽፋት ሁሉ የሚቆመው በቁም ዜማው ላይ ነው። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው የሚከተሉት የድጓውን ዜማ ስለሆነ፣ በቁም ዜማ ላይ ያለፈ አንድ ስሕተት በበዓል ቀን በመቶ ካህናት ሽብሸባ ይደገማል።

ስሕተትና ልዩነት

እርማት ባለበት ሁሉ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ አለ። ስሕተት የሚባለው የቱ ነው? ልዩነት የሚባለውስ? በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤተ ልሔም ብቸኛዋ አይደለችም። የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ስልቶችም አሉ። ቆማ ከቤተ ልሔም ሩቅ አይደለችም፤ ሆኖም ስልቷ የራሷ ነው። የቤተ ልሔም መምህር የቆማውን አባባል ሲሰማ «ተሳሳትህ» አይልም፤ «ይህ የቆማ ነው» ይላል። ልዩነቱን የሚለየው የዜማው ቅርጽ ሳይሆን «ከማን ተማርከው?» የሚለው ጥያቄ ነው። መምህር ያለው፣ መምህሩም መምህር ያለው አባባል ስልት ነው። መምህር የማይጠራለት አባባል፣ ቢያምርም ስሕተት ነው። የመምህራን የትውልድ ሐረግ በጉባኤ ቤት በጥንቃቄ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው። ቆጠራው ለአባቶች ከሚሰጥ ክብር በተጨማሪ የማረሚያ መሣሪያ ነው።

ሥርዓቱ ያለ ኪሳራ አይሠራም። የቤተ ልሔም ስልት በአገሪቱ እጅግ የተስፋፋው በዜማው ብቻ ሳይሆን በምስክሩ ኃይል ነው። የማስተማር ሥልጣን ከአንድ ቦታ ሲመነጭ የዚያ ቦታ አባባል ይገንናል፤ የሌሎቹ ይጠብባል። ሸለመይና ጄፍሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የዜማ መድበል በቤተ ልሔም ስልት ላይ ማተኮሩ የዚህ ገናናነት ውጤት ነው። አጥኚ የገነነውን ይቀዳል፤ የተቀዳው ደግሞ ይበልጥ ይገናል። አጫብርና ቆማ ይህን ያህል የተሟላ የጥናት ሽፋን አላገኙም። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ርእስ ሲፈልግ ይህን ክፍተት ቢያጤን መልካም ነው።

መልስ የማይሰጥ ድምፅ

ዛሬ የድጓ ተማሪ በኪሱ ስልክ ሊኖረው ይችላል። የመምህሩን ድምፅ ይቀዳል፤ ለባልንጀራው ይልካል፤ የሌላ አገር መምህርንም ድምፅ ይሰማል። ጥቅሙ ቀላል አይደለም። መምህሩ ሲያርፍ ድምፁ ይቀራል፤ ከአገር ውጭ ባሉ አጥቢያዎች ጉባኤ ቤት የሌላቸው ዲያቆናት ከዚህ ይጠቀማሉ፤ ማታ ያመለጠው ቀለም ጠዋት ይደገማል። ቅጂን በጅምላ የሚያወግዝ ክርክር ምልክትንም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያወግዝ ነበር።

ይሁንና ቅጂና ምልክት አንድ አይደሉም። ምልክት አውቆ ከመጣ ሰው በቀር ለማንም ስለማይናገር አንባቢውን ወደ ጉባኤው ይመልሰዋል። ቅጂ ግን ሙሉ ሆኖ ይመጣል። ሰሚው ምንም ሳያውቅ ሊደግመው ይችላል፤ ሲደግመውም ዜማውንና አጋጣሚውን አይለይም። መምህሩ በዚያ ዕለት ጉንፋን ይዞት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሆነ፣ እርጅና ርክርኩን አሳጥሮበት ከሆነ፣ ወይም ለአንድ አፍታ ዘንግቶ ከሆነ፣ ቅጂው ሁሉንም በእኩል ታማኝነት ያስቀምጠዋል። ከሁሉ በላይ ግን ቅጂ አይሰማም። ተማሪው መቶ ጊዜ ቢሳሳት መቶ ጊዜ ያንኑ ይደግምለታል እንጂ «መልስ» አይለውም። በጉባኤ ያደገ ሰው ቅጂን እንደ ምልክት ሊጠቀምበት ይችላል፤ የሚያውቀውን ያስታውስበታል። ጉባኤ ያላየ ሰው ግን ቅጂውን እንደ መምህር ይይዘዋል፤ የሚያሳስበው ይህኛው ነው።

አሳሳቢነቱ ከጊዜው ሁኔታ ጋር ሲታይ ይበልጥ ይከብዳል። የጉባኤ ቤት ህልውና በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ በሚቀመጥ መምህር፣ በሚመጣ ተማሪና በሚሰጥ ገበሬ። ዘመናዊው ትምህርት ልጁን በሌላ መንገድ ይወስደዋል፤ ይህም የወላጅ መብትና ምርጫ ነው። የኑሮ ውድነት የገበሬውን እጅ ያሳጥራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቆየው ግጭት ደግሞ የሥርዓቱን መሠረት ይነካል። ይህ ትምህርት ልጅ ከመንደር መንደር በእግሩ ተጉዞ፣ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ፣ ጎልማሳም አገር አቋርጦ ለምስክር የሚሄድበት ትምህርት ነው። መንገድ ሲፈራ ጉባኤው ወዲያው ላይዘጋ ይችላል፤ ግን ከሩቅ የሚመጣው ተመስካሪ ይቀራል። ከሩቅ የሚመጣ ከሌለ ደግሞ የተራራቀው አባባል ተገናኝቶ የሚተያይበት ዕድል የለም፤ እያንዳንዱ ደብር የየራሱን ልማድ እያጠነከረ ይሄዳል።

ምን ይሰነድ?

እስካሁን በብዛት የተሰነዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የተጠናቀቀ ዜማና የተጠናቀቀ መጽሐፍ። ዜማው በበዓል ቀን ወይም በመምህር አንደበት ይቀዳል። መጽሐፉ ፎቶ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ከጥፋት ያዳነ፣ ለግእዝ ጥናት መሠረት የሆነ ታላቅ ሥራ ነው። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነበር። በአንዳንድ ድጓዎች ምልክቱ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይለያል፤ በፊልሙ ላይ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ተፍቆ የታረመ ቦታም በብራናው ላይ በጣት ዳሰሳና በብርሃን ይታወቃል፤ በፊልም ላይ ደብዛው ይጠፋል። እርማቱ፣ ማለትም የጉባኤው አሻራ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጠፋው እንዲህ ነው።

በቀለም የሚነሡት የዛሬ ምስሎች ይህን በከፊል ያስተካክላሉ። ቀሪው የአጥኚው ፈንታ ነው። አንድ የተማሪ ድጓ ሲመዘገብ መጠኑና የብራናው ጥራዝ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ገለበጠው? ከየትኛው ቅጂ? የት ተመሰከረበት? ፍቁ በየትኛው ዘመነ በዓል ክፍል ላይ ይበዛል? የሚሉት ጥያቄዎች ቢጠየቁ የዜማው አስቸጋሪ ቦታዎች ካርታ ቀስ በቀስ ይወጣል። የድምፅ ቅጂም ቢሆን ከበዓሉ ማኅሌት ይልቅ የሌሊቱን የቃል ትምህርት፣ መምህሩ ያቋረጠበትን ቦታ፣ ካቋረጠ በኋላ ተማሪው የመለሰበትን መንገድ ቢይዝ ለዕውቀቱ ይበልጥ ይቀርባል። የመምህራን ሐረግ መዝገብም ከድምፁ ጋር ተያይዞ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ወደፊት የሚሰማው ሰው ስልትን ከስሕተት የሚለይበት መስፈርት አይኖረውም።

ይህን ለመሥራት የሚነሣ አጥኚ የፈቃድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። የበዓል ማኅሌት በአደባባይ የሚቆም ነው፤ የጉባኤ ትምህርት ግን የውስጥ ጉዳይ ነው። ዛሬ ሲሳሳት የተቀዳው ልጅ ከዓመታት በኋላ መሪጌታ ይሆናል። ቅጂው የት ይቀመጥ? ማን ይስማው? የተማሪው ስም ይነሣ ወይስ ይቅር? ለመቅዳት የሚፈቅደውስ መምህሩ ነው፣ ተማሪው ነው፣ ወይስ ደብሩ? በዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥነ ምግባር ቅጽ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ለአንድ ግለሰብ የተዘጋጁ ናቸው፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ፣ ከወላጁ የራቀ፣ በመምህሩ ጥላ ሥር ያለ የቆሎ ተማሪ ጉዳይ በቅጹ ውስጥ ቦታ የለውም። ማንኛውም የቀረጻ ፕሮጀክት ወደ ጋይንት ከመውረዱ በፊት ይህን ቅጽ ከጉባኤ ቤት መምህራን ጋር ተቀምጦ እንደገና መጻፍ ይኖርበታል።